ተገልብጦ የሚገጠም

የሰፈሩ ሾፌር ሁሉ «መቶኛ» ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙ የወጣለት የሚሊሜትርን አንድ መቶኛ ይዞ ከሰው ጋር ስለሚጨቃጨቅ ነው። ሌላ መካኒክ «ይቺማ ምን አላት» ብሎ የሚያልፋትን ጭረት እሱ በጥፍሩ ዳብሶ፣ በሚክሮሜትር ለክቶ፣ «አይሆንም» ይላል። አይሆንም ካለ ደግሞ አለቀ፤ ቢለምኑት ቢቆጡት ወይ ፍንክች።

ስራው ክራንክሻፍት ነው። በሞተሩ ሆድ ውስጥ ተጋድሞ፣ የፒስተኖቹን መውጣትና መውረድ ተቀብሎ ወደ መሽከርከር የሚቀይር፣ እዚህም እዚያም ክርን ያወጣ የሚመስል ከባድ ብረት። ጎማ የሚዞረው እሱ ስለዞረ ነው። ለሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ብሮንዚና ይነጠፍለታል፤ ለሁለት የተከፈለ ቀለበት የመሰለ ስስ ብረት፣ ግማሹ ከሞተሩ አካል፣ ግማሹ ከክዳኑ በኩል። በክራንክሻፍቱና በብሮንዚናው መሃል ያለው ክፍተት ከጸጉር የቀጠነ ነው፤ በዚያች ውስጥ ዘይት ካልሮጠ ብረት ብረትን ይበላና ሞተሩ ይነክሳል፣ ማለትም ደርቆ ይቆማል። የተጫረ ክራንክሻፍት በማሽን በስሱ ተልጎ ወፈር ያለ ብሮንዚና ይገባለታል፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ምንም አይደረግለትም፣ ይቀየራል። መቶኛ በዚህ ሁሉ ሰላሳ ዓመት ሞልቶታል።

ጋራዡ ለሁለት ሰው የተሰራ ነው። ጠረጴዛው ላይ ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ሁለት ማሰሪያ ተተክሏል፤ ባንደኛው ይሰራበታል፣ በሌላኛው አፍ ውስጥ የድሮ ደረሰኝ ታጭቆበታል። የሚተኛው ከጋራዡ ጀርባ ባለች ክፍል ነው፤ የሚበላው ቆሞ ነው። ትዳር አልሆነለትም። በእረፍት ቀን እንኳን በሩን ይከፍታል፤ ቤት ቢውል ከማን ጋር ሊያወራ? ደንበኛ ይመጣል፣ ስልኩን እያየ «መቼ ይደርሳል?» ይላል፣ ይሄዳል። ብቸኛ ሰው ነው፤ ማለባበስ አያስፈልግም።

ያኛው ማሰሪያ የታናሽ ወንድሙ ነበር። አብረው ሲሰሩ ብሮንዚና የሚያነጥፈው መቶኛ፣ ክዳኑን በብሎን የሚያጠብቀው ታናሹ ነው። ከሁለቱ ግማሾች ዘይት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱ ከላይ፣ ከሞተሩ አካል ጋር መሆን አለበት። ችግሩ፣ ሞተር የሚገጠመው ተገልብጦ ነውና ላይና ታቹ ይዞራል። ስለዚህ ታናሹ ክራንክሻፍቱ ከመቀመጡ በፊት ሁልጊዜ «ቀዳዳው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። መቶኛን ደግሞ ይህቺ ጥያቄ ታንገበግበዋለች፤ ታናሽ ወንድሙ ሊያስተምረው!

ከአስራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ጠዋት በረባ ባልረባው፣ በሩን ማን ክፍት ተወው በሚል ተጣልተው ተኮራርፈው ዋሉ። የዚያን ቀን የዘጉት ሞተር ባራተኛው ቀን ነክሶ ተጎትቶ መጣ። መቶኛ ሞተሩን ፈታ፣ ባለመኪናውና የሰፈሩ ሰው እየሰማ ጥፋቱን በታናሹ ላይ ጣለ፤ ብሎኖቹን በደንብ አላጠበቃቸውም አለ። ታናሹ ለታላቅ ወንድሙ ሰው ፊት አይመልስም። ቱታውን አውልቆ፣ አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። ከተማው ማዶ ቤት ተከራየ ሲባል ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ ሰላምታም የለ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት መቶኛ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ሞተር እየገጠመ ነበር። የተላገውን ክራንክሻፍት አጠበ፣ የዘይት መንገዶቹን በአየር ነፋ፣ አምስቱን ብሮንዚና አነጠፈ፣ ዘይት ቀባ። ክራንክሻፍቱን አንስቶ ሊያስቀምጥ ሲል ስልኩ ጮኸ። ባለመኪናው ነበር፤ ደረሰ ወይ ነው ጥያቄው። አልደረሰም ብሎት ሲመለስ ዓይኑ ሶስተኛው ብሮንዚና ላይ አረፈ። ቀዳዳ የለውም። የክዳኑን አምጥቶ ነበር የሞተሩ አካል ላይ ያነጠፈው።

አወጣው። እጁ ላይ ይዞት ዘይት በርሜል ላይ ተቀመጠ። ከአስራ አንድ ዓመት በፊትም ክፉኛ የተቃጠለው ሶስተኛው ነበር። በዚያ ቀን ደግሞ «ቀዳዳው?» ያለው ሰው አልነበረም፤ ተኮራርፈው ነበርና። ከሁሉ የባሰው ግን ይህ አልነበረም። የነከሰውን ሞተር ብሎኖች የፈታቸው እሱ ራሱ ነው፤ አንዳቸውም አልላላም ነበር፣ ክንዱን እስኪያመው ነበር የታገሉት። ያንን ያኔም ያውቅ ነበር። አውቆ ነው የረሳው።

ዝም ቢል ማንም አያውቅም። የተቃጠለው ብረት ከተጣለ ስንት ዘመኑ። እንዲህ ብሎ ራሱን ሊያባብል ሞከረ፣ ግን በርሜሉ ላይ መቀመጥ አልቻለም፣ መነሳትም አልቻለም። በመጨረሻ ብሮንዚናውን በቦታው መልሶ፣ እጁን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥቦ፣ በቀትር ጋራዡን ዘጋ። የታናሹን አድራሻ ከጎረቤቱ ጎማ ሰሪ ጠየቀ። ጎማ ሰሪው ነገረው እንጂ ለምን እንደፈለገው አልጠየቀውም።

ታናሹ በሩን ራሱ ከፈተ። ጸጉሩ ሸብቷል። ግባ አለው፤ ወንበር ሳበለት። መቶኛ አልተቀመጠም።

«ያኔ ሞተሩን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ብሮንዚናውን አቀያይሬ ነው ያነጠፍኩት። ብሎኖቹ ጥብቅ ነበሩ፤ እኔው ነኝ የፈታኋቸው።»

ታናሹ ወንበሩ ላይ ራሱ ተቀመጠበት። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አያቸው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አምኜህ ነበር» አለ። «ይሄ እጅ አይታመንም ብዬ ሙያውን ተውኩት። አሁን የትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ነው የምጠብቀው። የዚህ በር ብሎን ሲላላ እንኳን ሰው ጠርቼ ነው የማስጠብቀው።»

መቶኛ ይጮህብኛል ብሎ ነበር የመጣው፤ መጮህ በስንት ጣዕሙ። ታናሹ ተነስቶ ወደ ጓዳ ተጣራ። ሚስቱ እጇን እያደረቀች ወጣች፣ ሁለት ሴት ልጆች ተከተሏት፤ ትልቋ አስር ዓመት ቢሆናት ነው።

«አሁን ያልከውን ለነሱም ንገርልኝ» አለ ታናሹ። «አባታችሁ ሞተር አቃጥሎ ከሙያው የወጣ ሰው ነው ሲባል ነው ያደጉት።»

ልጆቹ እንግዳውን አዩት፣ ከዚያ አባታቸውን፤ ማነው እንደማለት። አባታቸው ወደ መቶኛ አመለከታቸው። መቶኛ ስለ ሞተሩ ከመናገሩ በፊት ማን እንደሆነ መናገር ነበረበት።

«እኔ የአባታችሁ ታላቅ ወንድም ነኝ» አለ።

ልጆቹ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ እናታቸው ዞሩ።