ሦስት ቤት ያለፈ ውሃ

ልጅ ሳለሁ ቤታችን አሶሳ ዳር፣ ከውሃ ማጣሪያው አጥር ሥር ነበር። ክልሉ ገና አዲስ ነው፤ ማጣሪያው የተሠራውም ከወለጋ፣ ከባምባሲ፣ ከቶንጎ ሰው ጎርፎ ከተማዋን ውሃ ጥም ሲያስጨንቃት ነው። አባቴ እዚያ ውሃው ላይ የሚጨመረውን መድኃኒት የሚለካ ሠራተኛ ነበር። «አሶሳን የማጠጣው እኔ ነኝ!» እያለ ደረቱን ሲነፋ እኔም አብሬው እነፋ ነበር።

አመሻሽ ላይ የማጣሪያው ዘበኛ አባባ ኢድሪስ ደጃችን ላይ የቀርከሃ ፍም ፊት ተቀምጠው ያወጉን ነበር። በብሔረሰባቸው በርታ ናቸው፤ አማርኛን ዘግይተው ስለለመዱት ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላሉ። ሌላው ሽማግሌ ስለ ጅብ ሲተርት የእሳቸው ተረት ማጣሪያው ነው፤ ገንዳው እንዴት እንደተቆፈረ፣ ሴቶች የማጣሪያውን አሸዋ ስንት ጊዜ እንዳጠቡ፣ ውሃው መጀመሪያ ሲመጣ ሽታውን ፈርቶ ማን እንደሸሸ። ያኔ እኔ ከጅቡ ይልቅ ይሄን እወድ ነበር።

አንድ ምሽት ግን ልቤ እዚያ አልነበረም። የስምንት ወር ወንድሜ ከጠዋት ጀምሮ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ውሎ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ቤት ውስጥ እናቴ ጭን ላይ ተዘርግቷል። እናቴ «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ትላለች። አባቴ ከሥራ አልገባም።

«አንተ ስማ» አሉኝ አባባ ኢድሪስ ፍሙን እየቆሰቆሱ። «ይሄ ውሃ ሦስት ቤት አለው። አንደኛ ቤት ይተኛል፣ ጭቃው ታች ይቀራል። ሁለተኛ ቤት አሸዋ ውስጥ ያልፋል። ሦስተኛ ቤት መድኃኒት ይጠጣል። ሦስቱን ጨርሶ ወጥቶ፣ ከወንዝ ውሃ ጋር ከተቀላቀለ ግን፣ ወላሂ፣ ሁሉም ልፋት ከንቱ ነው። ሰው ይታመማል።»

ክው አልኩ። እናቴ የቧንቧውን ውሃ «ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል» ብላ በወንዝ ውሃ ታለዝበው ነበር፤ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ እንዲሁ። እንስራችን ውስጥ ያለው ግማሽ በግማሽ ነው። ከወንዝ የምቀዳው ደግሞ እኔ! አባቴ ይህን አያውቅም። ቢያውቅ ጉድ ይፈላል፤ የመድኃኒት ለኪው ቤት!

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና ዝም አልኩ። ቤት ገባሁ፤ ፋኖሱ ተለኮሰ፤ አሁንም ዝም። እናቴ ከዚያው እንስራ ቀድታ ልጁን በማንኪያ ማጠጣት ጀመረች። ያኔ ጮህኩ።

«እማዬ ተይ! የወንዙ ነው! የወንዙ ውሃ ነው ያሳመመው!»

አባቴ በሩ ላይ ደርሶ ሰምቷል። ይደበድበናል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱ ግን እንስራውን አንስቶ ደጅ ደፋው፣ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠ። እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳትይዝ ተከተለችው። እኔ ከአባባ ኢድሪስ ጋር ቀረሁ። የእሳቸውም ከንፈር በዱዓ ይንቀሳቀስ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወንድሜን ይዘውት ተመለሱ፤ ተርፏል። በማግስቱ እናቴ ወደ ቦኖው ሄዳ፣ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ፊት ቆመች።

«ባሌ የሚያክመውን ውሃ እቤቴ የማበላሸው እኔ ነበርኩ» አለች። «ልጄን ልገድለው ነበር። እባካችሁ እናንተም ተዉ።»

አንዷ ሳቀችባት፤ እናቴ ግን ንግግሯን ሳትጨርስ አልተመለሰችም። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ድፍረቷን ያነሳል፤ ወንድሜም ይኸው ጎረምሳ ሆኖ፣ አግብቶ፣ ወልዷል። እናቴ ጥፋቷን ሰው ፊት ተናግራ ተገላገለች። እኔ ግን ከመጮኼ በፊት፣ እያወቅሁና እያየሁ፣ ሁለት ማንኪያ እንዳጠጣችው ለማንም ተናግሬ አላውቅም።