ጋሼ ሙላት ፊልሙን ያስቆሙበት እሑድ

ሥራ የገባሁ ቀን አቶ አስማረ መጀመሪያ የጠየቁኝ ማስነጠስ የማበዛ እንደሆነ ነው። የጥያቄው ምክንያት የገባኝ በሩን ሲከፍቱት ነው። ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ ያለው ቪዲዮ ቤታቸው ቀድሞ የበርበሬ መጋዘን ነበር። ጆንያው ከወጣ ቢቆይም ሽታው ከግድግዳው አልለቀቀም፤ ሰው ሲሞላና ቤቱ ሲሞቅ ደግሞ ይነሣል። “ትለምጅዋለሽ” አሉኝ። ያን ቀን ግን እንባዬ ሲወርድ ነው የዋለው።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ተቀምጫለሁ። አቶ አስማረ ካሴት የሚያጫውት ሰው ፈልገው አባቴን አነጋገሩት፤ አባቴም ቀን ቀን ብቻ ከሆነ ብሎ ፈቀደ። ሥራዬ የዴኩን፣ የካሴት ማጫወቻውን፣ ሄድ ማለት ክሩን የሚያነበውን ክፍል አልኮል በነካ ጥጥ መጥረግ፣ ያለቀውን ካሴት መልሶ ማጠንጠን፣ የተበጠሰውን ክር መቀጠል ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ በፕላስተር ነበር የሚቀጥለው። ፕላስተር ሲሞቅ ይለቅና ሄዱን ያቆሽሻል። እኔ በጥፍር ቀለሜ እየቀጠልኩ አሳየኋቸው፤ ከዚያ በኋላ የጥፍር ቀለም ከአቶ አስማረ ኪስ ይገዛ ጀመር።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የምናሳየው ካራቴና የህንድ ፊልም ነው። ለዚያ እየተረጎመ የሚያስረዳ ተናጋሪ አያስፈልግም፤ አክተሩ እንደማይሞት ሁሉም ያውቃል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያለው ሰዓት ግን የጋሼ ሙላት ነው።

ጋሼ ሙላት ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። በወጣትነታቸው በየከተማው ሲያስተምሩ ከሲኒማ ቤት አይጠፉም ነበር። የሚወዱት አንድ ዓይነት ፊልም ብቻ ነው፦ ጥቁርና ነጭ፣ ፍቅርና ግድያ የተቆላለፉበት፣ ልብ አንጠልጣይ። ካሴቱን አዲስ አበባ ያለ የቀድሞ ተማሪያቸው እየፈለገ ይልክላቸዋል። እሳቸው ቤታቸው ደጋግመው አይተው፣ እሑድ ይዘውት ይመጣሉ።

አቀራረባቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የኮታቸውን ቁልፎች ሁሉ ቆልፈው ከቴሌቪዥኑ በስተግራ ይቆማሉ። አገሩ የት እንደሆነ፣ ሴትየዋ ማን እንደሆነች፣ ምን እንደምትፈራ ይናገራሉ። ከዚያ “በርዋን ልብ በሉ” ወይም “የሰውየውን እጅ ተመልከቱ” ይሉና ይቀመጣሉ። ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ዘንጋቸውን አንዴ መሬት ሲመቱ ዴኩን አቆማለሁ፤ የተባለውን በአማርኛ ይነግራሉ፤ እንደገና ሲመቱ እለቃለሁ። ክሩ እንዳይበላ ብዙ ማቆም አይቻልም፤ ስለዚህ ንግግራቸው አጭር ነው።

አንድ ቀን “ጋሼ፣ ገዳዩን ለምን ቀድመው አይነግሩንም? ሰው እኮ በጭንቀት አለቀ” አልኳቸው።

“አንቺ ቀድመሽ ብታውቂ ዴኩ አጠገብ ቆመሽ ጥፍርሽን ትበዪ ነበር?” አሉኝ። እጄን ከአፌ አወጣሁት።

የእሑዱ ተመልካች ከሌላው ቀን ይለያል። ወጣቱ ያንን ፊልም “የሽማግሌ” ብሎ ይሸሸዋል። የሚመጡት ጎልማሶች፣ አስተማሪዎች፣ ይልቁንም ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች ናቸው። ከሴቶቹ ሁሉ ጎልተው የሚሰሙት እማማ ጥሩነሽ ነበሩ። ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ እሑድ እሑድ ልጃቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ ፊልሙን ሳያዩ አይመለሱም። አስተማሪዎቹ ስለ ፊልሙ አሠራር ሲከራከሩ እሳቸው የሴትየዋን ፊት ብቻ ያያሉ።

“እኔ የተዳርሁ ለታ ባሌን አይቼው አላውቅም” አሉኝ አንዴ፣ ካሴት ሳጠነጥን አጠገቤ ቆመው። “በበቅሎ አፈናጥጠው ሲወስዱኝ ‘ይኸ ሰውዬ ማን ይሆን?’ እያልሁ ነው የሄድሁ። ኋላ ደግ ሰው ሆኖ ወጣልኝ። እስኪለይልኝ ድረስ ግን እንደዚች ሴትዮ ነበርሁ። እንቅልፍ የሚባል የለኝም።”

ያን ጊዜ ነው ይህ የፈረንጅ ፊልም በእኛ ከተማ ለምን ሰው እንዳገኘ የገባኝ። የምትወደውን ሰው መፍራት ለእነዚያ ሴቶች ተረት አልነበረም።

ችግሩ የመጣው ከየኔታ ክንፈ በኩል ነው። የኔታ የደብሩ የቅኔ መምህር ናቸው። ከከተማው ወጣት በተለየ ተማሪዎቻቸው እሑድ ከሰዓት እየተሰወሩ ቪዲዮ ቤት እንደሚገቡ ሰሙ። ከተማው የሚሰማው እሳቸውን ነው፤ “ይቅር” ካሉ ሴቶቹም አይመጡም፣ ቀበሌውም በሩን ያሽግብናል። አቶ አስማረ በካራቴው ሊተዳደሩ ይችላሉ። የሚቋረጠው የጋሼ ሙላት እሑድ ነው፤ ጋሼ ሙላት ደግሞ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከዚያ እሑድ በቀር ሌላ ነገር አልነበራቸውም።

የኔታ ሰው አልላኩም። ራሳቸው መጡ። ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ገብተው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። “ልጆቼን የሚነጥቀኝን ላየው ነው የመጣሁ። ካየሁ በኋላ የምለውን እላለሁ” አሉ።

የዚያን ዕለት ፊልም በወደብ ከተማ፣ በሰው ሱቅ ውስጥ፣ ሰዓት ጠጋኝ ስለሆነች ሴት ነው። አንድ እንግዳ ሰው ሰዓት ሊያሠራ ይሰጣታል፤ ሰዓቱ የተገደለ ሰው ሰዓት ነው። ይዋደዳሉ። ፖሊስ ሰውየውን ይፈልገዋል። እሷም እውነቱን ሳታውቅ ትሸሽገዋለች።

አቶ አስማረ ወደ ጋሼ ሙላት ጠጋ ብለው “መምህር፣ መሳሳም አለው?” ሲሉ ሰማሁ። ጋሼ ሙላት ኮታቸውን ቆልፈው ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዱ።

ባቡር ጣቢያው ላይ ደረስን። ሰውየው ከባቡር ወረደ፤ ሴትየዋ ሮጣ ተጠመጠመችበት፤ ተሳሙ። ዘንጉ መሬት መታ። አቆምኩ። ጋሼ ሙላት የኔታን ሳያዩ፣ “ወንድሟ ነው። ቆይቶ ስለመጣ ናፍቆት ነው” አሉ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። ዘንጉ እንደገና መታ፤ ለቀቅኩት።

ትንሽ ቆይቶ ከኋላ እንግሊዝኛ የሚሰማ አንድ አስተማሪ፣ “ወንድሟ ከሆነ የአባቱን ስም ለምን ትጠይቀዋለች?” አለ። ጋሼ ሙላት ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም። ሰውየው እራት ጋበዛት፤ አስተማሪዎቹ ተሳሳቁ። ከዚያ ቀለበት አውጥቶ ተንበረከከ። ያን ጊዜ ቤቱ ተናወጠ። በእኛ አገር ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የሚጋባው፤ እዚህ እህትና ወንድም ሊጋቡ ነው። አንዲት ሴት “እግዚኦ!” ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የኔታ መቋሚያቸውን ጨብጠው ተነሡ።

በጫጫታው መሀል እማማ ጥሩነሽ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። የተቆጡት በጋብቻው አልነበረም።

“ሙላት! ወንድሟ ከሆነ ምን ያስፈራታል? ሌሊቱን በር ቆልፋ የምታድረው ወንድሟን ፈርታ ነው? እኔ አልገባኝም!”

ጋሼ ሙላት ተነሡ። ዘንጉን አልመቱም፤ በእጃቸው አቁሚው አሉኝ። ቀጥታ ወደ የኔታ ሄደው አጎንብሰው ቆሙ።

“የኔታ፣ ዋሸሁ። እርስዎን አፍሬ ነው። ወንድሟ አይደለም። የምትወደው ሰው ነው፤ ነፍሰ ገዳይ ይሁን አይሁን አታውቅም። እማማ ጥሩነሽ እንዳሉት ነው፤ ወንድም ካልሁት ፊልሙ የለም። ተቆጥተው የሚሄዱም ከሆነ እውነቱን ሰምተው ይሂዱ።”

አቶ አስማረ በሩ ላይ ሆነው ግንባራቸውን ያሻሉ። አንድ ሰው አስነጠሰ፤ በርበሬው ተነሥቶ ነበር።

የኔታ መቋሚያቸውን ተደገፉ። “ስንት ሠርግ ላይ የቆምሁ ሰው ነኝ” አሉ። “ባልና ሚስት እንደሚዋደድ የማላውቅ መስሎህ ነው? መሳሳሙስ ባይታይ ደግ ነበር። አንተ ግን ይኸን ልትሸፍን ብለህ እኅት ከወንድም አጋባህብኝ፤ የቱ ይከፋል?”

“የኔው ይከፋል፣ የኔታ።”

“ይከፋል እንጂ።” ተመልሰው ተቀመጡ። “በል ከባቡሩ ጀምረህ መልሰው። ወንድሟ ነው ስትለኝ ከጥርጣሬ አውጥቼው ነበር፤ አሁን ማንን እንደምይዝ ጠፋኝ።”

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠንኩት። ሁለተኛ ስናየው፣ ሲሳሙ የኔታ መሬት መሬት አዩ፤ ሌላው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ገዳዩ የምትሠራበት ሱቅ ባለቤት ሆኖ ሲገኝ ግን ከሁሉ ቀድመው “እንዲያውም ዓይኑ አላማረኝም ነበር!” ያሉት የኔታ ናቸው።

ሲወጡ የምለውን እላለሁ ያሉትን አሉ። በጾም እንዳናሳይ፣ በቅዳሴ ሰዓት እንዳንከፍት፣ ተማሪዎቻቸውን እንዳናስገባ። እሑዱን “ይቅር” አላሉም። ጋሼ ሙላት ሁሉም ከወጣ በኋላ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እኔ ዴኩን በጨርቅ መሸፈኑን ይዤ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ከዓመታት በኋላ አቶ አስማረ ቡሬ ሁለተኛ ቤት ሲከፍቱ እኔን ላኩኝ። ጋሼ ሙላት ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር፤ በእሳቸው ፈንታ እንዳቀርብ ካሴቶቻቸውንና ዘንጉን ሰጡኝ። ቡሬ ላይ ሴት ቆማ ፊልም ስታቀርብ ታይቶ አያውቅም። የመጀመሪያው እሑድ ቤቱ የሞላው ለፊልሙ ሳይሆን እኔን ለማየት ነው። ያንኑ የሰዓት ጠጋኟን ፊልም አስገባሁ። ጋሼ ሙላት ከአጎራባቹ ከተማ ከሽንዲ ሊያዩ ከመጡ ሰዎች ጋር ፊት ተቀምጠዋል፤ እሳቸው የመጡት ከፍኖተ ሰላም በአውቶቡስ፣ ታመው ነው።

ባቡር ጣቢያው ደረሰ። ተሳሙ። “ወንድሟ” የሚለው ቃል ለጋሼ ሙላት ለምን እንደቀለላቸው ያን ጊዜ አወቅኩ። ዘንጉን መታሁ፤ የሚያጫውተው ልጅ አቆመ።

“ትወደዋለች” አልኩ። “ማን እንደሆነ ግን አታውቅም። እጁን ተመልከቱ።”

ከኋላ አንዲት ሴት “ውይ በሞትሁት” አለች። ጋሼ ሙላት ወደ እኔ አልዞሩም። የሰውየውን እጅ ነበር የሚመለከቱት፣ ያን ሁሉ ጊዜ አይተውት እንደማያውቁ።

ኋላ በአማርኛ የሚተረክባቸው ሲዲዎች መጡና ሥራችን ቀረ። የፍኖተ ሰላሙ ቤት ተመልሶ የበርበሬ መጋዘን ሆኗል። ፊልም ለሰው የምታቀርቡ ወጣቶች አሁንም አላችሁ፤ መሣሪያችሁም ከኛ የተሻለ ነው። ከሥራው የተማርኩት ይህን ነው፦ መጨረሻውን ለተመልካቹ ተዉለት፤ ያያችሁትን ደግሞ ያያችሁትን ያህል ንገሩት። ያፈራችሁ እንደሆነ ዝም በሉ እንጂ ሰውየውን ወንድሟ አታድርጉት።