ቀንዳሙ ጅብ

ትናንት ልጄ ወረቀት በዱቄት ሙጫ ስትለጣጥፍ፣ ሽታው ጀጎል ውስጥ ወዳደግኩበት ግቢ መለሰኝ። እዚያ በወረቀትና በሙጫ ቀንድ ያለው የጅብ ጭንብል ሠርቼ ነበር። ስፌት የሚሰፉት ጎረቤታችን እማማ ፋጡማ ፊታቸው ላይ አጥልቀውት ሳቁ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

"እንዲህ ያለ አውሬ የት አየሽ?"

"የትም፤ ከራሴ ነው።"

"ማሻአላህ! እንግዲያው እንቀያየር" ብለው ከጓዳ ትንሽ ሞሰብ አመጡልኝ። ጥለቱ ግድግዳቸው ላይ ከተሰቀሉት ስፌቶች ከአንዱም ጋር አይመሳሰልም።

"ይሄም ከራሴ ነው፤ ለማንም አሳይቼው አላውቅም" አሉኝ።

"ጥለቱ ስሙ ማን ይባላል?"

"ገና አላወጣሁለትም። አንቺስ ለጅብሽ?"

እኔም አላወጣሁለትም ነበር። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን ስም ስንፈልግ መሸብን።