መሃል የሚቀመጠው ሰው

ሰውዬው መኪና መንዳት ማስተማር ከጀመረ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ታዲያ የኖረው በሹፌሩ ወንበር ሳይሆን ከጎን ባለው ነው። የማሠልጠኛዋ መኪና በእሱም በኩል ሌላ ፍሬን አላት፤ ተማሪ ሲሳሳት አስተማሪው ይረግጠዋል። እሱ ግን እንደ አንዳንዶቹ ድንገት ደፍቆ ሰው አያስደነግጥም። ልጅ እንደሚያባብል ሰው በስሱ ነው የሚጫነው። መኪናዋ ቀጥ ስትል ተማሪው ራሱ ያቆማት ይመስለዋል። አስተማሪውም ዝቅ ባለ ድምፁ "ጎሽ" ይለዋል።

ከዚያ ያለፈ ወሬ የለውም። ተማሪዎቹ "ፍሬኑ" ብለው ስም ያወጡለት ለእግሩ ብቻ አይደለም፤ አፉም ላይ ፍሬን አለበት ብለው ነው።

እግሩ እንግዲህ ከሥራ ሲወጣም አያርፍም። ታክሲ ውስጥ ተሳፍሮ ወለል ይረግጣል። ምሳ ላይ ሚስቱ ብርጭቆ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፋ ካደረገች እግሩ ከሥር ወለሉን ይመታል።

"ቆመልህ?" ትለዋለች እሷም፣ ቀና ሳትል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የተዋወቁት እዚያችው ማሠልጠኛ መኪና ውስጥ ነው፤ ተማሪው ነበረች። መንጃ ፈቃድ ካወጣች አራት ዓመት ሆናት፤ ቤታቸው መኪና ስለሌለ ግን ወረቀቱ ክርና መርፌ ከምታኖርበት ቆርቆሮ ውስጥ ተኝቶ ቀረ።

ኋላ ሆዷ ገፋ። ሐኪሟ አልትራሳውንዱን እያየች "ሁለት ናቸው" ስትል የሰውዬው ቀኝ እግር ወለሉን ረገጠ። ደግነቱ ማንም አላየውም። ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳቻቸው፦ መንታ ብዙውን ጊዜ ቀኑን አይጠብቅም፤ ከሰባተኛው ወር ጀምሮ በየሳምንቱ መታየት ያስፈልጋል፤ የሆነ ነገር ከተሰማሽ ደግሞ ነገ ከነገ ወዲያ የለም፣ ወዲያው መምጣት ነው።

ቤታቸው ዳገቱ ላይ ነው። ታክሲ ታች መንገዱ ጋ ያወርዳል እንጂ ደጃቸው አይደርስም። እሱ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ መንገድ ለመንገድ ነው፤ ተማሪ ሲይዝ ስልኩን ይዘጋል።

"መኪና እንገዛለን" አለ ከክሊኒኩ ሲወጡ። ለሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

የሚስቱ ታናሽ ወንድም መካኒክ ነው፤ መኪና የማፈላለጉ ነገር በሱ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ ይዞላቸው የመጣው ባለ አንድ ጋቢና ፒካፕ ነበር።

"ከኋላ የፈለጋችሁትን ትጭናላችሁ" አለ።

"ልጆቼን እንደ ድንች ጆንያ?" አለች እህቱ።

በሳምንቱ ደግሞ ዝቅ ያለች፣ ቀይ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት መኪና አመጣ። "ልጆቹ ሁለት፣ በሩም ሁለት፣ ምን ጎደለ?" ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። እሷ ጎንበስ ብላ ወደ ኋላ ወንበር ልትገባ አንገቷን አስገባች፣ ሆዷ ውጭ ቀረ። በዚያው ተመለሰች።

ሦስተኛዋን ሰውዬው ራሱ መረጠ። ባለ ሰባት ወንበር፣ ከፍ ያለች፣ ክብደቷ የሚያስፈራ ነገር ናት። በሯን በጣቱ አንኳኳና ድምፁን አዳመጠ። "ቆርቆሮዋ ወፍራም ነው" አለ። እንዲህ ደስ ብሎት ካዩት ቆይተዋል። ሚስቱ ግን ቀጥታ ወደ ሹፌሩ ወንበር ሄደች። ወንድሟ ደግፏት እንደምንም ወጣች። እግሯ ፍሬኑ ጋ እንዲደርስ ወደፊት ስትጠጋ ሆዷና መሪው ተሳሳሙ።

"አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?" አለ ሰውዬው። "የምትቀመጪው ከኋላ፣ ከልጆቹ መሃል ነው እኮ።"

"የሚነዳውስ?"

"እኔ ነኛ።"

"ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ምጥ ቢይዘኝ?"

"እደርሳለሁ።"

"በተዘጋ ስልክ?"

 ሚስቱ የወንድሟን ትከሻ ይዛ ወረደች።

ቤት ሲገቡ ስፌቷ ላይ ተቀመጠች። ሰውዬው በሩ ሥር ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ በአንድ አፍታ ምን ምን እንደሚሆን አይቷል፤ ያየውን ግን ሲያወራ ተሰምቶ አያውቅም። ፈርቻለሁ ማለቱ ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለ።

"የዘገየችስ መንገድ ላይ ወለደች" አለች እሷ።

ከዚያ የስፌት መኪናዋን አቆመችና ዞር ብላ አየችው።

"አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቀየመኝ። እኔ ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ እግሬ ፔዳል ላይ ነው። ያን ጊዜ ስታስተምረኝ፣ አንተ በበኩልህ በረገጥክ ቁጥር የኔም ፍሬን ከእግሬ ሥር ይሸሽ ነበር። ቀድሞኝ ይወርዳል። ከዚያ 'ጎሽ' ትለኛለህ። እኔም ዝም እላለሁ፣ ደስ እንዲልህ። አንተ ጎኔ ተቀምጠህ አንድም ቀን ራሴ አቁሜ አላውቅም።"

ሰውዬው ደነገጠ። ያን እግሩን ማንም የሚያውቅበት አይመስለውም ነበር።

"ፈተናውን አልፈሻል እኮ" አለ።

"እዚያማ አንተ አልነበርክም።" ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ያንተን እግር ያላዩ ናቸው።"

በማግስቱ ሰውዬው ሥራ ላይ እግሩን ሲመለከት ዋለ። ሃያ ሦስት ጊዜ ረገጠ። ከሃያ ሦስቱ ስንቱን ተማሪው ራሱ ያቆመው እንደነበር እርግጠኛ መሆን አልቻለም።

ቅዳሜ ዕለት መካኒኩ ሌላ መኪና አገኘ። ባለቤቷ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ ሴትዮ ናቸው፤ ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ መንዳት ሊተዉ ነው። መኪናዋ ውበት የላትም፤ ጀርባዋ ረዘም ያለ፣ አራት በር፣ ቀለሟ የታጠበ ግራጫ። ሰውዬው ውስጧን አይቶ ፊቱን አጨማደደ።

"ፍሬሲዮን የላትም" አለ።

"አውቶማቲክ ናት ልጄ" አሉ ሴትዮዋ። "መርገጫዋ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ ሂጂ፣ አንዱ ቁሚ።"

ሚስቱ የመለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ነው የመጣችው። ከእህቷ የተዋሱትን ሁለት የሕፃን ወንበሮች ወንድሟ ከኋላ በግራና በቀኝ አሰረላት። ጎንበስ አለችና በመሃላቸው የቀረውን ቦታ ለካች።

"አርባ አንድ" አለች። ቀና ብላ ባሏን ጠራችው። "ና እስቲ፣ ጀርባህን ስጠኝ።"

"እኔን ለምን?"

"ስትጠራ አትመጣም?"

መጣ። ሜትሩን ከዳሌው እስከ ዳሌው አግድም ወጠረችው፤ ሱሪ ልትሰፋለት ይመስል።

"ሠላሳ ስምንት። ትገባለህ፤ ከዚህ ወዲያ ግን መወፈር የለም።"

መካኒኩ ሳቁን ሊውጥ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዞረ።

"መሃል የምትቀመጪው አንቺ አይደለሽም እንዴ?" አለ ሰውዬው።

"እኔ ነጂ ነኝ። አብረን ስንሄድ አንተ መሃል። ቀኑን ሙሉ የፈራ ሰው ስታባብል የምትውለው አንተ አይደለህም? እነሱንም አባብላቸው። እኔማ ባባብል እዘፍንላቸዋለሁ፣ ይብስባቸዋል።"

"እኔ ደግሞ ባሌን ሳልለካ ነው ያገባሁት" አሉ ሴትዮዋ፣ ቁልፉን ለሚስቱ እየሰጡ። "ጥፋቴ እሱ ነው።"

መኪናዋን ሊሞክሯት ሲነሱ መካኒኩ ግቢው በር ላይ ቀረ። ሴትዮዋ ከፊት ተቀመጡ፣ ሰውዬው ከኋላ፣ በሁለቱ ባዶ የሕፃን ወንበሮች መሃል። ጉልበቱ ከአገጩ ሊጋጭ ምንም አልቀረውም። ከፊቱ መሪ የለ፣ ፔዳል የለ፤ የሚያየው የሚስቱን ማጅራት ብቻ ነው። መሪው ከሆዷ ራቅ ብሏል፤ እግሯም ደርሷል። ቀበቶዋን ከሆዷ ሥር አሳልፋ አሰረች፣ ስፖኪዮውን አስተካከለች፣ ፍሬቻ አሳየች። በዝግታ ወጡ።

ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ከቀኝ በኩል ካለው ቅያስ ብሎኬት የተጫነ ጋሪ የሚገፋ ሰው ብቅ አለ። ራሱን አቀርቅሯል፤ ወደ መንገዱ አይመለከትም። የሰውዬው እግር ወረደ። ከሥሩ ምንጣፍ ብቻ ነበር። እንደገና ረገጠ። ሁለቱን የሕፃን ወንበሮች በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ያዘና ዓይኑን ጨፈነ።

መንገጫገጭ የለም። ጎማ አልጮኸም። ዓይኑን ሲገልጥ መኪናዋ ቆማለች፤ ከጋሪው እስከ እሷ ሌላ መኪና የሚያስገባ ቦታ አለ። ጋሪ ገፊው መቆማቸውንም ሳያውቅ እየተነፈሰ አለፈ። ሰውዬው ርቀቱን በዓይኑ ለካው። እሱ ቢሆን እዚህ አያቆምም ነበር፤ ትንሽ አልፎ ነበር የሚረግጠው።

ሚስቱ በስፖኪዮው አየችው።

"ማን ነው ያቆማት?"

"አንቺ።"

"እና?"

 "ጎሽ" አለ።

ሴትዮዋ ዞር ብለው አዩት። "ልጄ፣ እነዚያን ወንበሮች ልቀቃቸው። ባዶ ናቸው እኮ።"

መኪናዋን ገዟት። ማክሰኞ ጠዋት ሰውዬው እንደ ልማዱ ሥራ ገባ፤ ስልኩን ግን አልዘጋውም፤ ድምፁን አጥፍቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ዛሬ ሚስቱ ሐኪሟ ዘንድ የምትታይበት ቀን ነው። ተማሪው አንገቱን ትከሻው ውስጥ የቀበረ፣ የባንክ ዘበኛ የሆነ ጎልማሳ ነበር። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ነዘረ። ሰውዬው መኪናዋን ዳር አስያዘና አወጣው።

"ደርሰናል" ይላል ጽሑፉ። "ሦስታችንም።"

ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ "እንቀጥል" አለ።

መስቀለኛ መንገዱ ጋ ሲቃረቡ ቀይ መብራት በራ። ሰውዬው ቀኝ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሳና ወንበሩ ሥር አስገባው፤ እንዳይወጣም በግራ እግሩ ከላይ ያዘው። ዘበኛው ረገጠ። መኪናዋ ተንገጫገጨችና ሁለቱም ወደ ፊት አጎነበሱ።

"ይቅርታ ጋሼ" አለ ዘበኛው፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ። "ሌላ ጊዜ እንዲህ አይደለም የምትቆመው።"

"አውቃለሁ" አለ ሰውዬው። "ጎሽ።"