የሄስተር ድሩሪ የግራ ክንፍ

ሄስተር ድሩሪ አሥራ አራት ክንፍ ሰፍታ አንድም አውሮፕላን ሲበር አላየችም ነበር። የመነሻው ሜዳ ከእንግሊዟ ሊንከን ከተማ ማዶ ነው፤ እሷ ደግሞ ከጧት እስከ ማታ ከሥራ ቤቱ ጣራ ሥር ናት። በዚያ በአውሮፓውያን 1915 ጸደይ ድምፁን ብቻ ትሰማለች። በሰማችው ቁጥር መርፌዋ እጇ ላይ ይቆማል፤ ልቧ ቀድሟት ይወጣል።

የተወለደችው ግሪምስቢ ወደብ ነው። ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ የዓሣ መረብ ስትቋጥር ኖረች፤ ባሏን ባሕር በላው። ጦርነቱ ሲመጣ ጣቶቿን ይዛ ሊንከን ገባች።

የምትሰፋለት አውሮፕላን ድርብ ክንፍ ነው፤ አንዱ ክንፍ ከሌላው በላይ። ሁለት ሰው ይዞ፣ ዝግ ብሎ፣ ከጠላት ምሽግ በላይ ይዞራል፤ አንዱ ያበራል፣ ሌላው ያየውን ካርታ ላይ ያሰፍራል። ለሠራዊቱ ዓይን ነው። ሥጋው እንጨት፣ ቆዳው የተልባ እግር ጨርቅ። ጨርቁ ከእያንዳንዱ የእንጨት አጥንት ጋር በሰም በታሸ ክር ተሰፍቶ ይጠብቃል፤ ስፌቱ ላይ ጥብጣብ ይለጠፋል፤ ከዚያ እንደ ከበሮ የሚወጥረው ቅባት ይቀባል። ከዚያ ወዲያ ስፌቱን የሚያይ ዓይን የለም።

አንድ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ባልደረባዋ ነል ዳቦ እያኘከች ከሄስተር የለመደችውን የመረብ ቋጣሪዎች ዜማ አንጎራጎረች፦

ሳቢ፣ ሳቢ እህቴ፣ ባሕሩ ሲረጋ፣
ላላ፣ ላላ አድርጊው፣ ማዕበል ሲጠጋ።

የሄስተር ጣቶች ጭኗ ላይ አብረው ሳቡ፤ «ላላ» ሲባልም አብረው ላሉ።

«ምነው ፊትሽ ነጣ? የበላሽው ዓሣ ነው እንዴ?» አለች ነል።

«ማክሰኞ የታችኛውን የግራ ክንፍ ስሰፋ ይህን ስዘፍን ነበር።»

«እና ምን አለበት? ድምፅሽ አስቀያሚ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።»

«እጄ መረብ እየሠራ ነበር፣ ነል! መረብ ካልላላ ይበጠሳል። ክንፍ ግን ከላላ…»

ብድግ አለች። ያ አውሮፕላን ዛሬውኑ ወደ ፈረንሳይ ሊሄድ ሜዳ ላይ ቆሟል።

ተቆጣጣሪው ሚስተር ማውንድ ሻዩን እየጠጣ ሰማት። «ሌላ ሰው ያውቃል?»

«ከነል በቀር ማንም አያውቅም፣ ጌታዬ።»

ሽማግሌው ኮፍያውን አነሣ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሞተሩ እየተሟሟቀ ነበር። አስጠፋው፤ በቢላዋ ጥብጣቡን ቀደደ። ጣቱን ክሩ ሥር ሰደደ፤ ጣቱ ገባ።

«ይሄ አየር ላይ እንደ ሸራ ይነፋ ነበር» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ያባርሩኝ፣ ጌታዬ። ግን መጀመሪያ ልስፋው።»

አብራሪው ሻምበል ቴምፐርሊ ልጅ እግር፣ ቁጡ ሰው ነበር። ክሩን አየ፤ እሷን አየ። «ከታች ሆኖ መርፌውን የሚመልስልሽ ማነው?»

«ሰው ካልተገኘ ዞሬ እመልሰዋለሁ።»

ጓንቱን አውልቆ ሣሩ ላይ ተጋደመና ክንፉ ሥር ገባ። «እኔ ቁልፍ እንኳ መትከል አላውቅም።»

«መርፌውን ብቻ ይመልሱልኝ። ጣትዎን ይጠብቁ።»

«አይ! ወጋሽኝ እኮ!»

«ጠላትም ከዚህ የተሻለ አያደርግልዎትም» አለች፤ ሚስተር ማውንድ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ያን ቀን አላንጎራጎረችም። እያንዳንዱን ቋጠሮ ክሩ ተወጥሮ ድምፅ እስኪሰጥ ሳበችው። አዲስ ጥብጣብ ተለጠፈ፤ የተቀባው ቅባትም አድሮ ደረቀ።

በማግስቱ ሚስተር ማውንድ ሥራ እንድታቆም ነገራት። አንገቷን ደፋች።

«ውጪ ነይ፤ ሜዳው ድረስ እንሄዳለን» አለ። «ክንፍ የሚሰፋ ሰው ክንፍ ምን እንደሚሠራ ይይ። ነገ ሥራሽ ላይ እንድትገኚ።»

አውሮፕላኑ ሣሩ ላይ እየተንገዳገደ ሮጠ። ከዚያ ምድር ለቀቀችው። ክንፉ ከሄስተር ራስ በላይ ሲያልፍ ፀሐይ ጨርቁን ዘልቃ ገባች፤ አጥንቶቹ እንደ ቅጠል ጅማት አንድ በአንድ ታዩ። ትናንት በእጇ የሰፋችው ጨርቅ ሁለት ነፍስ ተሸክሞ ደመና ሥር ገባ። «አምላኬ» አለች።

ያ አውሮፕላን ምሽጎቹ ላይ ሰባት ወር ዞረ። በኋላ ፈጣን የጠላት ተዋጊ አውሮፕላኖች ሲበዙ ለማስተማሪያ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሞተሩ ሁለቴ ተለውጧል፤ ጭራው በጥይት ተበሳስቷል። የታችኛው የግራ ክንፍ ጨርቅ ግን ከአጥንቱ ንቅንቅ አላለም።