ከሚስተር ቻን ጋር፣ በውሃና በአስፋልት

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል

ከኮሎምበስ ከተማ ምሥራቃዊ ሰፈራችን ስንነሳ የጎረቤት ከተማዋ የቤክስሊ የመንገድ መብራቶች ገና አልጠፉም። መሪውን የያዙት አከራዬ ጋሼ ወንድሙ ናቸው፤ ሃያ ዓመት ዕቃ በየቤቱ ሲያደርሱ ኖረዋል። ከጎናቸው የሥራ ባልደረባቸው፣ የሆንግ ኮንጉ ተወላጅ ሚስተር ቻን ተቀምጠዋል። ሰኞ ዓይናቸው ቀዶ ጥገና ይደረግለታል፤ ሐኪሞቹ ማየታቸው እንደሚተርፍ ቃል አልገቡላቸውም። ከዚያ በፊት የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ «ያው ሲውን ሆ»። በካንቶንኛ በጀልባ መንሸራሸር ማለት ነው፤ መድረሻ አይጠየቅበትም።

«አድራሻ ከሌለው ጂፒኤሱን ምን ልበለው?» አሉ ጋሼ።

ጠዋት 1 ሰዓት

ከከተማዋ በስተሰሜን ያለው የግድብ ሐይቅ ጭጋጉን ገና አልገፈፈም። ባለሞተር ጀልባ ተከራየን። ጋሼን ልማዳቸው አሸነፋቸው፤ ማዶ ያለውን ዳርቻ አነጣጥረው ቀጥ ባለ መስመር በጥቂት ደቂቃ አደረሱን።

«ደረስን» አሉ በኩራት።

«ሣጥኑ በደህና ገብቷል» አሉ ሚስተር ቻን። «በል እንደ ልማድህ ለማስረጃ ፎቶ አንሳኝና በሩ ላይ ትተኸኝ ሂድ።»

ጋሼ አፍረው ሳቁ፤ ሞተሩንም አጠፉ። ገና መንሳፈፍ ስንጀምር ነጎድጓድ ተሰማ፤ የጀልባዎቹ አከራይ ሁሉንም በጡሩምባ ጠራ። ሚስተር ቻን አልተማረሩም። ሲወርዱ ግን ጎንበስ ብለው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና ጥቂት ቆዩ።

3 ሰዓት

ዝናብ። መኪናው ውስጥ ሚስተር ቻን አገራቸው ቃሉን ወደ መኪናም እንዳሸጋገረው አወጉን፤ ያለ ጉዳይ በመኪና መዞር «ያው ቼ ሆ»፣ የመኪና ወንዝ ይባላል። አስፋልትን ወንዝ ያደረገ ሕዝብ በእውነት ያስቀናል።

ጋሼ ስልካቸውን አጥፍተው ኪሳቸው ከተቱ፤ ወደ ሾርት ኖርዝ ሰፈር ታጠፉ። የሥዕል መሸጫዎች መስኮት፣ ቀይ ጃንጥላ፣ ጡብ የለበሱ ግድግዳዎች፣ ከመሀል ከተማው ሥር የደፈረሰው የሳዮቶ ወንዝ። ሚስተር ቻን እያንዳንዱን ቀለም በጣታቸው ያሳያሉ።

«ያቺን ቢጫ በር አየሃት?» አሏቸው ጋሼን።

«ስንት ጊዜ ዕቃ አድርሼባታለሁ» አሉ ጋሼ። «ቁጥሯን እንጂ ቀለሟን አላውቅም ነበር።»

6 ሰዓት

ዝናቡ አባርቷል። የሚስተር ቻን ቤት ደረስን። ጋሼ ፍጥነታቸውን ቀነሱ፤ አላቆሙም።

«ቤቴን አለፍከው» አሉ ሚስተር ቻን።

«አይቼዋለሁ» አሉ ጋሼ፣ ወደ ግራ እየታጠፉ።