በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈብኝ

"መድኃኒት ያቋርጣል" ብለው በውሸት ጻፉብኝ። በዚያች ጽሑፍ ሰበብ ሁለት ዓመት ዓይኔን ሳልታከም ቀረሁ፤ የግራው ጠፋ።

የምኖረው አምቦ ነው። ሥራዬ ኮርቻ መስፋት ነው፤ ለወንጪ ፈረሰኞች ስንቱን ሰፍቻለሁ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ግን የምወስደው አዲስ ዓለም ከተማ ሄጄ ነበር። አምቦ ላይ ይህ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል ደጃፍ አንዴ ከተቀመጥክ ገበያው ሁሉ ያውቅሃል። ቀጠሮዬን በሃያ አንድ አስደረግኩና ለጠየቀኝ ሁሉ "አዲስ ዓለም ማርያምን ልሳለም" እላለሁ። ሰፈሩ ጻድቅ አድርጎኝ ነበር።

በዚያው ሚኒባስ አንዲት የሰፈሬ ሴት ትሄዳለች፤ እንደኔው ስድሳ ያለፋት፣ ባሏ የሞተባት። ለዓመታት እንዳልተዋወቀ ሰው ተጓዝን። አንድ ቀን መድኃኒት ክፍሉ በር ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

"አንተ! ማርያምን የምትሳለማት እዚህ ነው እንዴ?" አለችኝ።

"አንቺስ ምን ልታደርጊ መጣሽ?"

"እኔማ ሻማ ላበራ ነው" አለችና ጉልበቷን ይዛ እየሳቀች አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ጉልበት፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፤ ያልያዛት የለም። ከዚያ ወዲህ ጎን ለጎን እንቀመጥ ጀመር።

በ2008 ዓ.ም. መንገድ ተዘጋ። ቀጠሮዬ ደረሰ፣ መኪና የለም፣ መድኃኒቴ አለቀ። እሷ ያን ጊዜ ቀጠሮዋን አስቀድማ ከሳምንት በፊት የሦስት ወር ወስዳ ነበር፤ የምንውጠው ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በየጊዜው አመጣችልኝ፤ በድምሩ ዐሥራ አንድ ፍሬ።

"ስትወስድ ትመልስልኛለህ። ለሲስተሯ ግን ትንፍሽ እንዳትል። ማካፈል ክልክል ነው፣ በቁሜ ነው የምትቀብረኝ።"

ቃል ገባሁላት። አንድም ቀን አላሳለፍኩም።

መንገዱ ሲከፈት ሄድኩ። ነርሷ ቀኑን ቆጠረች።

"ዐሥራ አንድ ቀን ምን ሲውጡ ነበር አባባ?"

"መድኃኒቴን።"

"ከየት አምጥተው?"

ቃሌን ጠብቄ ካርዴን አቀበልኳት። የቀጠሮ ካርዴ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ እኔ እንዲገባኝ ብላ በአማርኛ፣ "መድኃኒት ያቋርጣል" ብላ ጻፈች። ማንበብ የተማርኩት ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ፣ በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ያን ሁሉ ማታ ፊደል የቆጠርኩት ይህችን ለማንበብ ኖሯል።

በዚያው ዓመት ዓይኔ ጭጋግ ያዘው። ወስፌው ቆዳውን ትቶ ጣቴን ይወጋኝ ጀመር። አምቦ ዓይን ክፍል ሄድኩ፤ ምን መድኃኒት እንደምወስድ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። "ክትትል ካለዎት ቦታ ደብዳቤ ያምጡ" አሉኝ። ደብዳቤ ስጠይቅ ነርሷ ቀዩን አየችው።

"መድኃኒት እየዘለሉ ዓይኔ ደከመ ይላሉ? መጀመሪያ ሥርዓት ይያዙ።"

በየቀጠሮው ያው ነው። ራሴን አዞረኝ ስላት፣ ስለሚያቋርጡ ነው። እግሬን አቃጠለኝ ስላት፣ ስለሚያቋርጡ ነው። የእኛ ቢጤ ሰው እንደ ሌላው ሰው እንደሚያረጅ የነገራት የለም።

"ልናገር?" አለችኝ ያቺ ሴት፣ በሚኒባስ ስንመለስ።

"ተይ።"

"ዓይንህ እኮ ነው የሚሄደው! ነገ ማን ሊመራህ ነው? እኔ? በዚህ ጉልበቴ?"

"ተይ አልኩሽ።"

ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም። ደግነቱ አልሰማችኝም። በሚቀጥለው ቀጠሮ በምርኩዟ በሩን ገፍታ ከኋላዬ ገባች።

"እኔ ነኝ የሰጠሁት። ከፈለግሽ እኔም ላይ ጻፊ!"

ነርሷ ደንግጣ ፋይሌን አገላበጠች። ከውስጡ አንድ ወረቀት ወጣ፤ ከዚያ ከዐሥራ አንዱ ቀን በኋላ የተላከ የደሜ ውጤት። ቫይረሱ አይታይም ይላል። ከዓመት በላይ እዚያው ተኝቶ ነበር። በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ባየውም አላነበውም፤ ማንበብ የምትችለው እሷ ደግሞ አልከፈተችውም። ስድቡን በአማርኛ ሰጡኝ፣ ምስክሬን በእንግሊዝኛ አስቀመጡት።

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም አባባ?" አለችኝ።

"መድኃኒቴን ነው የዋጥኩት ብዬሽ ነበር።"

ቀዩን ሰረዘችው፤ ደብዳቤውንም በዚያው ቀን ጻፈች። ይቅርታ አላለችም።

አምቦ ላይ የዓይን ሐኪሙ በባትሪ አየኝ።

"ኦቦ፣ ይሄ ሞራ ነው፤ የእርጅና። ቫይረሱ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ቀደም ብሎ ይመጣል። እርስዎን ነበር ከሁሉ አስቀድሞ ማየት። የት ቆዩ?"

ካርዴን አውጥቼ የተሰረዘውን ቀይ ጽሑፍ አሳየሁት።

የቀኝ ዓይኔን ሞራ በቀዶ ሕክምና አወጣልኝ፤ አሁን የምጽፈው በዚያ ዓይን ነው። በግራው ግን ሞራው ከልክ በላይ በስሎ፣ ግፊት አምጥቶ፣ ነርቩን ገድሎታል። ሐኪሙ በመጨረሻው ቀጠሮ ደጋግሞ አየውና "የግራው ሕክምና የለውም" ብሎ ጽፎ ፈረመበት። ቀኑንም ጻፈበት፦ ሚያዝያ 9 ቀን 2010 ዓ.ም.